ሦስት ሽማግሌዎች በቡና ሚዛን ላይ

ከዊንጌት እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ከቀጨኔ እስከ ሽሮ ሜዳ ቢፈለግ፣ አውሮፕላንን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራዬን ሌላ ቀን እነዛዋለሁ። ጎሚስታ ቤቴ ዊንጌት አካባቢ ነው። የጉለሌ ሰማይ ደግሞ ለእንጦጦ ሲባል ዝቅ ብሎ የተሠራ ሰማይ ስለሆነ፣ አውሮፕላኖቹ ሲያልፉ ቆርቆሮዬን በጎማቸው ሊነኩት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ከሥር ሆኜ ሆዳቸውን ሳይ ኖሬያለሁ። አብራሪው ቁርስ በልቶ ይሁን ሳይበላ በድምፁ እለያለሁ። ሰፈር ውስጥ «አውሮፕላን ያስፈራል» የሚል ሰው ሲነሳም፣ «የሚያስፈራው የቀጨኔ ቁልቁለት ነው፤ እሱን በዝናብ ቀን የወረደ ሰው ሰማይን ምን ብሎ ይፈራል?» የምለው እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ እውቀት፣ በሕይወቴ የመጀመሪያውን አውሮፕላን በተሳፈርኩ ዕለት ደረጃው ላይ ትቶኝ ሄደ። አባ ወልደ ሚካኤል ከፊቴ ነበሩ። ዞር አሉና፣

«ልጄ፣ ጋቢዬን ልቀቅልኝ፤ ወደ ኋላ ልትጥለኝ ነው» አሉኝ።

ጋቢያቸውን መያዜን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ። የጎረቤታችን የወይዘሮ አስካለ ልጅ ናትናኤል ሊፍት ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ተቆልፎባት የነበረች ነርስ አወጣ። ስሟ ሜሮን ነው። ካወጣት በኋላ ሊለያት አልቻለም፤ እሷም ደረጃ እያለ በሊፍት ብቻ መመላለስ ጀመረች። የሜሮን አገር ከጅማም ወዲያ ነው። ከተማዋን ሸንጋ ብዬ እጠራታለሁ፤ እውነተኛ ስሟን ብጽፍ ሰርጉ ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።

አባቷ ጋሽ ደስታ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። «ልጄን አላስገድድም፤ ሽማግሌ ያልላከ ወንድ ግን ለእኔ ገና አልተወለደም» የሚሉ ሰው ናቸው። ችግሩ፣ የልብ ወዳጃቸው ለራሱ ልጅ ሜሮንን ለመጠየቅ ለቅዳሜ ሽማግሌ አሰናድቷል። ጋሽ ደስታ ለወዳጃቸው «እምቢ» የሚሉበት አንደበት የላቸውም። «ቀድሜ ቃል ሰጥቻለሁ» ቢሉ ግን ማንም አይቀየማቸውም። ስለዚህ ቃሉ ከቅዳሜ በፊት ለናትናኤል መሰጠት ነበረበት። ናትናኤል ይህን ሊነግረኝ ጎሚስታ ቤቴ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ ስለነበር፣ መጀመሪያ የመሰለኝ ብየዳ በባዶ ዓይኑ ያየ ነው።

ሽማግሌ ሦስት ነው። አባ ወልደ ሚካኤል ለበረከት ተመረጡ፤ የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው። ሐጂ ሙደሲር ለክብደት ተመረጡ፤ ይህን ስል ለንግግራቸው ክብደት ማለቴ ነው፤ የሌላውን ክብደት በኋላ እንደርስበታለን። ናትናኤል መራመድ የተማረው የሐጂን ሱቅ ባንኮኒ ተደግፎ ነው። እኔ ጌታነህ ለአፍ ተመረጥኩ።

በመኪና መሄጃው ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በአውሮፕላን።

ረቡዕ

ትኬቱ ርካሽ ነበር። ርካሽ የሚሆነው ግን ብቻህን፣ ምንም ሳትይዝ፣ ምንም ሳይጠማህ፣ ከማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ሳትመርጥ ከሄድክ ነው። ሻንጣ ለብቻው ይከፈልበታል። ውሃ ለብቻው። መስኮት ለብቻው። ሐጂ ሙደሲር ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ በጣም ተደነቁ።

«ጌታነህ፣ እኔ ስኳር ስሸጥ ላስቲኩን በነፃ ስሰጥ ኖርኩ» አሉኝ። እስክንሳፈር ድረስ በጣታቸው የሆነ ነገር እያሰሉ ነበር።

የያዝነው ለጋሽ ደስታ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ጋቢ ብቻ ነው። አባ በሻንጣ ክፍያው ምክንያት በራሳቸው ጋቢ ላይ ደርበውት ተሳፈሩ፤ ቀጭን ሰው ስለሆኑ ማንም አላወቀም።

አውሮፕላኑ ከሃይሩፍ ሚኒባስ ትንሽ ይረዝማል። ክንፍ አለው። ከመግባቴ በፊት እንደ ሙያዬ ጎማውን በእግሬ መታ መታ አደረግኩት። አንድ ቱታ የለበሰ መካኒክ ሮጦ መጣ።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ነፋሱን እያየሁ።»

«በእግር?»

«ዊንጌት እስካሁን ያማረረ ደንበኛ የለም» አልኩት። ወደ ደረጃው ሸኘኝ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ስለ መልክዓ ምድሩ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር። ዓይኔ ተጨፍኖ ስለነበር ሐጂን ጠየቅኳቸው፤ «አረንጓዴ ነው» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሸንጋ ስንደርስ አውሮፕላኑ ዝቅ ካለ በኋላ እንደገና ሽቅብ ወጣ። እኔ አብራሪው ሐሳቡን የቀየረ መስሎኝ ነበር፤ ሐሳቡንም ደግፌው ነበር። ሐጂ በመስኮት እያዩ፣ «አብሽር፣ ላሞች ናቸው። አንድ ባጃጅ እያባረራቸው ነው» አሉ። እውነትም የሸንጋ አየር ማረፊያ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ባጃጅ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ጥሩምባውን እየነፋ ይነዳል፤ ላሞችና ኳስ ተጫዋቾች ይነሳሉ፤ አውሮፕላኑ አንዴ ዞሮ ይመጣል። በእኛ በዊንጌት ታክሲ ተራ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ተራ አስከባሪዎች ናቸው፤ ላሞቹ ግን ከሚኒባስ ሾፌሮች ይልቅ ቶሎ ይሰማሉ።

ሜዳው አጭር ነው። ምን ያህል አጭር ነው ብትሉኝ፣ የእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ድንኳን ቢተከልበት የድንኳኑ ገመድ ከሜዳው ይወጣል። በአንድ ጫፍ ገደል አለ፤ ከታቹ ወንዝ ነው። በሌላው ጫፍ የሰው ቡና ተክል አለ። አውሮፕላኑ በገደሉ በኩል ገባ፤ ነካ፤ ነጠረ፤ ጮኸ፤ አንድ የቡና ቅርንጫፍ በመስኮት እስኪያየን ድረስ ሄዶ ቆመ። ያን ጊዜ የአባን እጅ ይዤ ነበር። አጥንታቸው ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ፣ «ይኸ እጅ ገና ብዙ ሕፃን ያጠምቃል።»

ለቀቅኩት።

አየር ማረፊያው አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ጨርቅ፣ ቀጨኔ ገመድ ላይ የተሰጣ የረጅም ሰው ካልሲ ይመስላል። ሠራተኛዋ ጽጌ የምትባል አንዲት ሴት ናት። ትኬት ታያለች፤ ከዚያ ቢጫ ሰደርያ ትለብስና ሻንጣ ትፈትሻለች፤ ሰደርያዋን ታወልቅና በሬዲዮ ከአብራሪው ጋር ትነጋገራለች። ሰደርያ ስትለብስ አታውቅህም። ስታወልቅ «እንደምን አደሩ» ትልሃለች።

እኛ ስንወርድ የሚሳፈሩትን ሰዎች እየመዘነች ነበር። ሰውየውንም ሻንጣውንም። የማረፊያው ሚዛን ስለተበላሸ፣ ከቡና ነጋዴ የተዋሰችው ጆንያ መመዘኛ ነው። ሰው ይወጣበታል፤ ጽጌ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ወረፋው ሁሉ ይሰማል። በጉለሌ ይህ ቢደረግ ሴቶቹ ወደ መናኸሪያ ሄደው በአውቶቡስ ይጓዛሉ። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው «አንተ ትቀራለህ» ተብሎ ይጮኻል።

ጠጋ ብዬ፣ «እህቴ፣ ትኬት የገዛ ሰው እንዴት ይባረራል?» አልኳት።

«እኔ መቼ አባረርኩ? ፀሐይ ናት የምታባርረው» አለችኝ። «ጠዋት ብርድ ሲሆን አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነት ይዞ ይነሳል። ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፤ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። እኔ ያለኝ ሜዳ ይኸው ነው። ስለዚህ በሞቀ ቁጥር ሰው እቀንሳለሁ።»

ይህን ነገር ልብ አልኩት። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ የምለው ሳልጠየቅ ነው።

ከሽቦው አጥር ማዶ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። ጽጌ በሹክሹክታ፣ «ጋሽ ደስታ ናቸው። እንዳላያችኋቸው ሁኑ፤ እሳቸውም እንዳላዩአችሁ እየሆኑ ነው» አለችን። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሽማግሌ በር አንኳኩቶ እስኪገባ ድረስ የልጅቷ አባት መምጣቱን አያውቅም። ሦስታችንም ሰማዩን እያየን በአጠገባቸው አለፍን። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

ያረፍነው አንድ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ሰጠችን፤ የራሷን ፍራሽ ደግሞ ሳንጠይቃት ጎትታ አመጣች። ራታችን ከየት እንደመጣ አልታወቀም። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ለእኔና ለአባ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ሽሮና ዳጣ መጣ። ለሐጂ ደግሞ በሌላ ዕቃ፣ ክዳኑ በንጹሕ ጨርቅ የታሰረ የዶሮ ወጥ።

ያመጣችው ሴት፣ «ጎረቤታቸው ሼኩ ናቸው ያረዱት፤ አይጠራጠሩ ብለዋል» አለች።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አልኳት።

«አልታወቀም» አለችና በጋሽ ደስታ ግቢ አቅጣጫ ሄደች።

ሐጂ ብቻቸውን ዶሮ በልተው አያውቁም። አንድ ጉርሻ በልተው እኛን ያያሉ። በመጨረሻ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሲያዩኝ አይወርድልኝም» አሉ። ማንም እያያቸው አልነበረም፤ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ሄደን በር አንኳኳን። ጋሽ ደስታ በጣም ደነገጡ። እንዲህ ያለ ጥሩ ድንጋጤ ከዳይሬክተር አልጠበቅኩም።

«ምን እግር ጣላችሁ! ግቡ፣ ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አልኩ እኔ። «የመጣነው ለቁም ነገር ስለሆነ ቆመን ነው የምንናገረው።»

ቆመን ተናገርን። ማለቴ እኔ ተናገርኩ። ስለ ናትናኤል ጠባይ ተናገርኩ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ሰፈራችን አየር፣ ስለ እንጦጦ ደን ተናገርኩ። ልጁ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ፣ «ትልልቅ ሰዎችን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ነው» አልኩ። ሐጂ ረገጡኝና «ሊፍት ይጠግናል» አሉ። ጋሽ ደስታ ሁለቱንም ሰምተው አባን አዩ። አባ «ጨዋ ነው» ብቻ አሉ። እኔ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ በዚህች አንድ ቃል አለቀ፤ ትንሽ ቅር አለኝ።

ጋሽ ደስታ «ልጄን ላማክር» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ጆሮው የከበደ ሰው ስልክ ሲያወራ እንዴት እንደሚያወራ ታውቃላችሁ።

«ሜሮን! መጥተዋል! ... ሦስት ናቸው! አንዱ ቄስ ናቸው፤ አንዱ ሐጂ ናቸው፤ አንደኛው ዝም አይልም! ... ልጁን ትወጂዋለሽ ወይ? ... ጮክ በይ! ... ኧ? ... እሺ! እሺ፣ አታልቅሺ አልኩሽ!»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን አወጡ። አባ ጣሪያውን አዩ። ጋሽ ደስታ ፊታቸውን አኮሳትረው ተመለሱ።

«ነገሩ ከባድ ነው። ላስብበት» አሉ። ተቀመጡ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። «አሰብኩበት» አሉ።

ተቀመጥን። ሙክት ታረደ፤ ሌላ ደግሞ በሼኩ እጅ ታረደ። የሸንጋ ሰው እንግዳውን ሲያበላ እንደ ጉለሌ «ብሉ እንጂ» አይልም፤ ዝም ብሎ ያያችኋል። ማየቱ ይብሳል፤ አንድ ሰው ትሪ ባዶ እስኪሆን ካያችሁ አታቆሙም።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ደስታ አንድ ቢጫ ጀሪካን አስመጥተው መሐላችን አስቀመጡ።

«ይህ ማር ለልጁ እናት ነው» አሉ። «በእኛ ቤት ቃል በአፍ ብቻ አይሄድም። አባቴም እህቶቼን ሲድር እንዲሁ ነበር። እናትየው ቀምሳ ስትደውልልኝ፣ ያን ጊዜ ቃሌ ገባ። እስከዚያ ምንም አላልኩም። ነገ ማታ ከደወለች ቅዳሜ ለወዳጄ 'ቃሌ ቀድሞ ገብቷል' እለዋለሁ። ካልደወለች ግን የምለው የለኝም፤ ዋሽቼ አላውቅም። መንገድ ላይ የቀረ ማር ደግሞ የቀረ ቃል ነው።»

«ማሩ ነገ ጉለሌ ይገባል» አልኩ፣ ደረቴን መትቼ። ደረቴን ስመታ ነገ የምሳፈረው ያው አውሮፕላን መሆኑ ትዝ አለኝ። በዚህ ጊዜ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ነው የሚነሳው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን እንደ ሆነው እጽፋለሁ። አንድ ወንድ ከአውሮፕላን በክብር ለመቅረት ምክንያት ያስፈልገዋል። ጽጌ ያለችኝን አሰብኩ። ጭነቱ ከበዛ ሰው ይቀራል። ሰው ከቀረ ደግሞ «እኔ ልቅር» ብሎ የሚነሳ ሰው ይመሰገናል። ጓሮ ሄጄ የጋሽ ደስታን ባለቤት ወይዘሮ ብርቄን አገኘኋቸው።

«እትዬ ብርቄ፣ ማሩ በጣም ጥሩ ነው። በእኛ በጉለሌ ግን ጀሪካን ብቻውን ሠርገኛ ቤት አይገባም። ጥንድ መሆን አለበት። አንድ ብቻ ከገባ... እ... ደስ አይልም።»

«ውይ በሞትኩት! ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ጎረቤት ለጎረቤት ዞረው ከአራት ቤት ለምነው፣ አመሻሽ ላይ ሁለተኛውን ጀሪካን አፉ ድረስ ሞልተው አመጡ። ግንባራቸው በላብ ርሶ፣ «ይኸው፣ አሁን ሙሉ ሆነ» ሲሉኝ፣ ትንሽ አፈርኩ። ብዙ አይደለም።

ይህን ጥንድ የሚለውን ስነግራቸው አባ እዚያው ጓሮ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። አልሰሙም ብዬ አሰብኩ።

ዓርብ

ጠዋት ጭጋግ ነበር። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ዘገየ። ጽጌ ሬዲዮዋን አነጋግራ፣ ወጥታ ሰማዩን አይታ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ አይታ ትገባለች። ጭጋጉ ሲገፈፍ ፀሐይዋ የቀረባትን ለመካስ ይመስላል በአንዴ ወረደችብን። እኔ በሆዴ «ሙቂ» እላታለሁ። ሐጂ ጁምዓቸውን አዲስ አበባ ለመድረስ ቸኩለው ሰዓታቸውን ያያሉ። ጋሽ ደስታ ከአጥሩ ማዶ፣ ያመጣንላቸውን የሽሮ ሜዳ ጋቢ ለብሰው በዚያ ሙቀት ቆመዋል።

ባጃጁ ነፍቶ አለፈ። አውሮፕላኑ መጣ። ከእኛ በፊት የተመዘኑ መንገደኞች አሉ፤ አንዲት ለሕክምና የሚሄዱ እናትም ነበሩ። ከዚያ እኛ ሚዛኑ ላይ ወጣን። «ሃምሳ ስምንት» አለች ጽጌ ለአባ፤ ከነመቋሚያቸው። «ዘጠና አንድ» አለች ለእኔ። ሐጂ ሲወጡ ሚዛኑ ድምፅ አወጣ፤ ጽጌ ለአክብሮት ቁጥሩን ቀስ ብላ ተናገረች። ከዚያ ሁለቱ ጀሪካኖች። ጽጌ ደመረች። ሰደርያዋን ለብሳ ስለነበር አላወቀችንም።

«ሦስታችሁ ከነማሩ አትሄዱም። ማሩን ተዉት። በሚቀጥለው ሳምንት በረራ እልከዋለሁ» አለችና አንዱን ጀሪካን ከሚዛኑ አወረደች።

ይህን አላሰብኩም ነበር። በእኔ ሒሳብ የሚቀረው ሰው ነው እንጂ ማር አልነበረም። ጋሽ ደስታ ምን እንደተባለ አልሰሙም፤ ጀሪካኑ ሲወርድ ግን አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ቅዳሜ በራቸውን የሚያንኳኩት ሽማግሌዎች፣ የሜሮን ለቅሶ፣ የናትናኤል ዓይን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ቆሙ። የሰው ትዳር በእኔ ጀሪካን ሊሰበር ነው። አንዱ ብቻ ይሂድ እንዳልል፣ ጥንድ ካልሆነ አይገባም ያልኩት እኔው ነኝ።

«ማሩ ይሂድ፣ እኔ ልቅር!» አልኩ።

ጽጌ ደመረች። «ይሆናል። ሁለቱ አባቶችና ማሩ ይሄዳሉ» አለችና ጀሪካኑን መለሰችው። ጋሽ ደስታ ተነፈሱ። እኔም ተነፈስኩ። በሐሳቤ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጬ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየበላሁ ነበር።

«ወላሂ አይሆንም!» አሉ ሐጂ። «ጉለሌ ደርሰን ቃሉን ማን ሊናገር? አንተ አፋችን ነህ። እኔ እቀራለሁ።»

«ሐጂ፣ እርስዎማ ጁምዓ አለብዎት!»

«አላህ እዚህም አለ!»

«የለም፣ የለም» አሉ አባ፣ «ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ የምቀረው እኔ ነኝ።»

«አባ፣ እርስዎ ቀርተው እኔ ብሄድ ሰፈሩ ምን ይለኛል?» አሉ ሐጂ።

«በሥላሴ ይዤሃለሁ ሐጂ፣ ግባ!»

«ይቅደሙ አልኩ እኮ!»

ጉለሌ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ሚኒባስ በር ላይ «ይግቡ»፣ «እርስዎ ይግቡ» ሲባባሉ ታክሲው ጥሏቸው እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ ይህንኑ አውሮፕላን በር ላይ አደረግነው። አብራሪው ወጣት ነው፤ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ጽጌ ወደ ሙቀት መለኪያው ሄዳ ተመለሰች።

«አባቶቼ፣ ይሉኝታችሁን ፀሐይዋ አትሰማም» አለች። «ስትከራከሩ ሞቀ። አሁን የሁለት ሰው ቦታ የለኝም። አንድ ሰውና ማሩ ብቻ። እሱም ከመቶ ኪሎ ያልበለጠ ሰው።»

ሐጂ ወዲያው ከአውሮፕላኑ ደረጃ ወረዱ። «እንግዲህ እኔ በሚዛን ወጣሁ፤ አልሐምዱሊላህ» ብለው ጫማቸውን አራገፉ።

«በቃ አባ ይሂዱ!» አልኩ፣ ደስታዬን እየደበቅኩ። «ከእሳቸው የቀለለ ሰው የለም!»

አባ ክርኔን ይዘው ከሚዛኑ ጀርባ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትናንት ጓሮ እጄን ስታጠብ ነበር» አሉ።

«አባ፣ እኔ እኮ...»

«ፈርተህ ነው። አውቃለሁ፤ እጄ እስካሁን ያመኛል። ግን ልጄ፣ ማሩን የጠራ ማሩን ይሸኛል።» ከዚያ ቀና ብለው፣ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ጋሽ ደስታ እንኳን እስኪሰሙ ድረስ ጮክ አሉ። «ጌታነህ! ገዝቼሃለሁ! ማሩን ይዘህ ግባ!»

ግዝት ከወጣ በኋላ ክርክር የለም። መስቀሉን ተሳልሜ ገባሁ። አንዱን ጀሪካን ከኋላ ከዕቃው ጋር አሰሩት፤ ለሌላው ቦታ ስለጠፋ አብራሪው በመጨረሻ «አጥብቀው ይያዙት» ብሎ እቅፌ ውስጥ ተወው። ተጨማሪ አላስከፈለኝም፤ በዚህ ጉዞ በነፃ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

አውሮፕላኑ ከቡናው ተክል ሥር ዞሮ ቆመ፤ አገሳ፤ ሮጠ። ሜዳው አለቀ። እኛ ገና መሬት ላይ ነበርን። ከዚያ ሜዳውም መሬቱም የለም። ታች ወንዙ አለ ብለውኛል። ከአጠገቤ የተቀመጡት ለሕክምና የሚሄዱት እናት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አታልቅስ። ማን ታሞብህ ነው?»

«ማር ነው» አልኩ።

«እግዜር ይማራት» አሉ።

ዓርብ ማታ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ሁለቱን ጀሪካኖች ሳስገባ እልል አሉ። ዓርብ ጾም ነው፤ ማር ግን አያስገድፍም። ወይዘሮ አስካለ በማንኪያ ቀምሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደወሉ። ናትናኤል ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው፤ ባያደርገውም ጋሽ ደስታ ይሰሙ ነበር።

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት ጋሼ! እንዲህ ያለ ማር አላየሁም!»

«እንግዲህ ቃሌ ገባ!» አሉ ጋሽ ደስታ። ናትናኤል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ያ ዝም የማይለው ሰውዬ ደህና ገባ? በአጥር አየሁት እኮ፤ ማሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የገባው። አደራ እንዲህ ነው የሚያዝ!»

ቅዳሜ ጋሽ ደስታ ለወዳጃቸው «ቃሌ ቀድሞ ገብቷል» አሉት፤ ተቃቅፈው ተለያዩ። አባና ሐጂ እሑድ ማታ በአውቶቡስ ገቡ። አቧራ ለብሰው፣ ፊታቸው አብርቶ፣ በየመንገዱ በተሰጣቸው ሙዝ ተጨናንቀው ነበር። ሐጂ «እንዲህ ያለ መንገድ አይቼ አላውቅም» እያሉ እስካሁን ያወራሉ። አባ ስለ ጓሮው ለማንም አልተናገሩም።

ሰፈሩ አሁን «አደራ ጠባቂው» ይለኛል። ወይዘሮ አስካለ ለሚመጣ ለሚሄደው «ማሩን ከእቅፉ አላወረደውም» ይላሉ፤ እኔም ተቀምጬ እሰማለሁ። ከእቅፌ ያላወረድኩት ለአደራው ብዬ አይደለም። አውሮፕላኑ ውስጥ የምይዘው ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው። አዲስ አበባ ካረፍን በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ጫኝ መጥቶ «አባት፣ ደርሰናል፤ ይልቀቁት» አለኝ። ክንዴን ልቀቅ ብዬ አዘዝኩት፤ እምቢ አለ። ሌላ ሰው ጠራና ሁለት ሆነው ጣት በጣት አላቀቁኝ።